ፈረሴ የኋላ እግሩን እየጎተተ ነው፣ ቬቷ (የእንስሳት ሐኪሟ) "ኢፒኤም ሊሆን ይችላል" አለችኝ፣ የምታውቁ እስቲ ንገሩኝ

ዳማ_ከሉደን

ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። ያለሁት ቨርጂኒያ ሉደን ካውንቲ ነው፣ ማታ ማታ ደለስ ኤርፖርት ኡበር እነዳለሁ፣ ጠዋት ደግሞ ሚድልበርግ አካባቢ አንድ የፈረስ በረት ጋጣ እጠርጋለሁ፣ አበላለሁ፣ ስድስት ዓመቴ። አምና ባለቤቶቹ "ከእንግዲህ ለውድድር አይሆንም" ያሉትን ፈረስ ለኔ ሰጡኝ። 14 ዓመቱ ነው፣ ኳርተር ሆርስ የሚባል ዝርያ፣ ሰንጋ (የተኮላሸ) ነው፣ ዳማ ሆኖ ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለው ቦራ ብዬዋለሁ (የነሱ ስም ሦስት ቃል ነው ጠርቼ አልጨርሰውም)።

ነገሩ የጀመረው የዛሬ ሦስት ሳምንት ናል መቺው ሲመጣ ነው። የቀኝ የኋላ ኮቴውን አንስቶ "ይሄ ለምንድነው ከፊት ብቻ ያለቀው?" አለኝ፣ ጫፉ በሞረድ የተሞረደ ነው የሚመስለው። እኔም ምንም አልመሰለኝ። በነጋታው ግን አሸዋው ላይ እየመራሁት ዞር ብዬ ዱካውን ሳየው የሦስቱ እግር ነጥብ ነጥብ ነው፣ አራተኛው መስመር አስምሯል፣ ማረሻ የሄደበት ይመስላል። ከዛ በኋላ አይኔ ተከፈተ መሰለኝ በጠባቡ ሳዞረው እግሩ እርስ በርሱ ይጠላለፋል፣ ወደ ኋላ ሂድ ስለው ይንገዳገዳል፣ ከኋላው ቆሜ ሳየው ደግሞ የቀኝ ቂጡ ከግራው ጎድሏል።

ቬቷ መጥታ ጭራውን ወደ ጎን እየሳበች አስኬደችው፣ ጤነኛ ፈረስ ይቋቋማል የኔው ግን ተከትሏት ሄደ። "መንገዳገዱ ከ5 3 ነው፣ ኢፒኤም ሊሆን ይችላል፣ ጥገኛ ተውሳክ ነው የሚያመጣው" ብላ ደም ወስዳ ሄደች። አሁን ጥያቄዬ፣ ይሄ በሽታ ምንድነው፣ ይድናል ወይ፣ ወደ ሌሎቹ ፈረሶች ይተላለፋል ወይ (11 ፈረስ አለ እዚህ፣ ባለቤቶቹ ፈርተዋል)፣ ዋጋውስ? እንቅልፍ አጥቻለሁ በእውነት።


ጋሻው_ደንቨር

አይዞህ ወንድሜ። ጥገኛ ተውሳክ ከሆነማ ምን ያስጨንቅሃል የትል መድኃኒት ስጠው፣ አይቨርሜክቲን ቱቦው ከ10 ዶላር ብዙም አይበልጥም በየእርሻ ሱቁ አለ። አባቴ ፈረስ ነበረው፣ ሲከሳ የትል መድኃኒት ነበር የሚሰጠው። ጸበልም አትርሳ።


ሜሪላንድ_ሾፌር

ቦራ ማለት ግን ምርጥ ስም ነው። እግዜር ይማርልህ ወንድሜ። ስለበሽታው አላውቅም ክሩን ለመከታተል ነው የጻፍኩት።


የቢሾፍቱ_ቬት

ኧረ ጋሻው በናትህ! አይቨርሜክቲን እዚህ ጋ ምንም አያደርግም።

ዳማ ወንድሜ፣ ቢሾፍቱ ነው የተማርኩት፣ አሁን ኬንታኪ ውስጥ የፈረስ ክሊኒክ ነው የምሰራው፣ ኢፒኤም በየጊዜው እናያለን። ረጅም ስለሚሆን ታገሱኝ።

በሽታውን የሚያመጣው ትል አይደለም። በዓይን የማይታይ ባለ አንድ ህዋስ ፍጥረት ነው፣ ሳርኮሲስቲስ ኒውሮና ይባላል (አልፎ አልፎ ኒዎስፖራ ሂዩዚ የሚባል ሌላም ያመጣዋል)። በሽታው ራሱ እዚሁ ኬንታኪ በፈረንጅ በ1960ዎቹ ነው የታወቀው፣ ተውሳኩ ግን ተለይቶ ስም የወጣለት በ1991 ነው፣ እስከዛ ፈረሱ ሲንገዳገድ እያዩ ተውሳኩ የትኛው እንደሆነ በትክክል ሳያውቁት ነው የኖሩት። የሚያራባው ኦፖሰም ነው፣ ያ ማታ ማታ ቆሻሻ የሚገለብጠው ሹል አፍ ጭራው ራቁት የሆነው። ኦፖሰሙ የሞተ ራኩን፣ ስከንክ ወይ ድመት ይበላል፣ ከስጋው ተውሳኩን ይወስዳል፣ ከዛ በኩሱ ያወጣዋል። እሱ ራሱ አይታመምም። ፈረሱ ያ ኩስ የነካውን ድርቆሽ፣ እህል ወይም ውሃ ሲወስድ ተውሳኩ ከአንጀት ወደ ደም፣ ከደም ወደ ህብለ ሰረሰር ወይ ወደ አንጎል ይገባል። ከዛ በደረሰበት ቦታ ነርቭ ያበላሻል። ለዛ ነው አንዱ ፈረስ እግሩን ሲጎትት ሌላው ከንፈሩ የሚንጠለጠለው፣ ሌላው መዋጥ የሚያቅተው፣ የት እንደሚያርፍ አይታወቅም። አንድ ወገን ብቻ መሆኑ ግን ትልቅ ምልክት ነው፣ መንገዳገድ አለ፣ ግራና ቀኙ እኩል አይደለም፣ የአንዱ ወገን ጡንቻ ይሟሽሻል። አንተ የጻፍከው ሦስቱም አለው።

ወደ ሌሎቹ ፈረሶች አይተላለፍም! ይሄን ለባለቤቶቹ ዛሬውኑ ንገራቸው። ፈረስ ላይ ሲደርስ መንገዱ ያበቃል፣ ከፈረስ ወደ ፈረስም ወደ ሰውም አይሄድም። ግን አሥራ አንዱም ከአንድ መኖ ቤት ስለሚበሉ ምንጩን መፈለግ አለባችሁ።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ፣ እስኪረጋገጥ ድረስ አፉ ውስጥ እጅህን በባዶው አታስገባ፣ ጓንት አድርግ። ነርቭ የነካው ፈረስ ሁሉ የእብድ ውሻ በሽታ (ሬቢስ) አለመሆኑ እስኪታወቅ ድረስ በጥንቃቄ ነው የሚያዘው። ክትባቱን በየዓመቱ ወስዶ ከሆነ ለቬቷ ንገራት።


ዳማ_ከሉደን

ዶክተርዬ እግዜር ይስጥልኝ፣ አሁን ነው ትንሽ የተነፈስኩት። ክትባቱን በሚያዝያ ወስዷል፣ ሬቢስም ዌስት ናይልም አለው፣ ወረቀቱ አለኝ። የደም ውጤት ዛሬ መጣ "ፖዘቲቭ" ይላል። በቃ አለበት ማለት ነው አይደል? መድኃኒቱን ልጀምር?


የቢሾፍቱ_ቬት

ቆይ ቆይ። ደሙ ፖዘቲቭ መሆኑ ተውሳኩን አንድ ቀን አግኝቶታል ማለት ነው እንጂ አሁን የሚያንገዳግደው እሱ ነው ማለት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ እጅግ ብዙ ፈረስ ደሙ ቢመረመር ፖዘቲቭ ነው፣ ብዙ ቦታ ከግማሽ በላይ። ከነዛ ውስጥ የሚታመመው ግን ከመቶ አንድ አይሞላም፣ የቀረውን ሰውነቱ ራሱ ያጠፋዋል። ስለዚህ ነርቩ ያልተነካ ፈረስ ላይ ዝም ብሎ ደም መውሰድ ገንዘብ ማባከን ነው ባይ ነኝ፣ ያልታመመውን ሁሉ ታማሚ ያደርግብሃል። የሚረዳህ የአከርካሪው ፈሳሽ ነው፣ ደሙና ፈሳሹ በአንድ ቀን ተወስደው የደሙ የፀረ እንግዳ አካል (ሰውነት ተውሳኩን ለመከላከል የሚያመርተው) መጠን ለፈሳሹ ይካፈላል፣ ውጤቱ ከ100 በታች ከሆነ ፀረ እንግዳ አካሉ እዛው ነርቭ ውስጥ እየተመረተ ነው፣ ማለትም ተውሳኩ እዛ አለ። በዛውም አንገቱን ራጅ ያንሱት፣ የአንገት አጥንት ጠቦ ህብለ ሰረሰሩን ሲጫን ፈረስ ልክ እንደዚሁ ይንገዳገዳል፣ የቫይታሚን ኢ እጥረትም እንደዛው።

ቬትሽ ግን ምልክቱ በጣም ግልጽ ነው ካለች ፈሳሹን እየጠበቀች መድኃኒት ብታስጀምር አልቃወምም፣ ጊዜ ይበልጣል። ነርቭ ከሞተ በኋላ አይመለስም።


የቢሾፍቱ_ቬት

*ቬትህ ማለቴ ነው ሃሃ ይቅርታ፣ ከስልክ ነው የምጽፈው


ኬንታኪ_እህታችሁ

ዶክተሯ ያለችው ሁሉ እውነት ነው፣ እኔ ሌክሲንግተን አጠገብ ግልገል ፈረሶች የሚያድጉበት እርሻ ነው የምሰራው። አንዷ የሁለት ዓመት ቶሮብሬድ ነበረችን፣ እሷ እግሯ ደህና ነው፣ ግን እህሉን ጎርሳ በግራ በኩል ይፈሳታል፣ ግራ ጆሮዋ ወደቀ፣ ከንፈሯ ወደ ቀኝ ተጣመመ፣ አለቃው "ጥርሷ ነው" ብሎ የጥርስ ሰው ጠርቶ ሁለት ሳምንት አለፈ። ሁለት ሳምንት! ከዛ ነው ኢፒኤም የተባለው። ድሮ የነበረው መድኃኒት ነው የተሰጣት የሰልፋና የፒሪሜታሚን ፈሳሹ፣ እሱ ቢያንስ ሦስት ወር ነው አንዳንዴ እስከ ዘጠኝ ወርም ይሄዳል፣ በየወሩ ደሟን እያስመረመርን፣ ደም ማነስ ያመጣል ነጭ የደም ሴልም ይቀንሳል። እርጉዝ ባዝራ ያላችሁ ደግሞ በጣም ተጠንቀቁ፣ ፎሊክ አሲድ እንጨምርላት ብላችሁ ከዛ መድኃኒት ጋር እንዳትሰጧት፣ ሰው ይጠቅማል ብሎ ይሰጣል ውርንጭላው ላይ ግን ጉዳት ያመጣል።

ዳነች ወይ ትሉኛላችሁ፣ ትበላለች፣ ጆሮዋ ግን እስከዛሬ እንደወደቀ ነው። አሁን እንደውም ስናያት ሁሌ የሆነ ነገር የምትጠይቀን ነው የምትመስለው።


አባ_ርካሽ

ዋጋው አይደል የሚያስጨንቅህ ዳማ፣ የአንድ ወር መድኃኒት ሺ ዶላር ገደማ ነው በል። እኔ ቴክሳስ ነኝ፣ ፈረሴ ሲታመም ያንን ሁሉ ከምከፍል ብዬ ከአንድ ዌብሳይት ተቀምሞ የሚሸጥ አገኘሁ፣ ዲኮኩዊኔትና ሌቫሚዞል ተደባልቆ፣ አሥር ቀን ብቻ ስጠው ይላል ዋጋውም ከግማሽ በታች። ሰጠሁት። ሳምንት አልሞላውም ሮጠ! ለሰው ሁሉ ተናገርኩ፣ አንተ ጋም ሊሰራ ይችላል ለማለት ነው። ሌላውን በኋላ እነግርሃለሁ።


ሜሪላንድ_ሾፌር

"ሌላውን በኋላ" ያልከው ነው እኔን ያስፈራኝ ሃሃ


አባ_ርካሽ

እሺ እሺ። ከሁለት ወር በኋላ ተመልሶ ወደቀ፣ አጥር ላይ ነው የወደቀው፣ ከዛ ያው ዋናውን መድኃኒት ገዛሁ ሁለቴ ከፈልኩ ማለት ነው። ዌብሳይቱን ጽፌ መልስም አላገኘሁ። በቃ ይኸው ተናዘዝኩ።


የቢሾፍቱ_ቬት

አባ ርካሽ እንዲህ በግልጽ ስለተናገርክ አመሰግንሃለሁ። ሌቫሚዞል በራሱ ሰውነትን ለጊዜው ስለሚያነቃቃ ፈረሱ የዳነ ይመስላል፣ ያ ቅመም ግን ኤፍዲኤ (የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪው) ያጸደቀው አይደለም፣ የተቀመመ ነገር ደግሞ በውስጡ የተጻፈው ያህል መድኃኒት ላይኖረው ይችላል።

የጸደቁትን ልንገራችሁ። ፖናዙሪል የሚባለው ቅባት (ማርኪስ ይሉታል) በፈረንጅ 2001 ላይ ነው የጸደቀ፣ በቀን በኪሎ 5 ሚሊግራም ለ28 ቀን በአፍ፣ የመጀመሪያው ቀን ሦስት እጥፍ ይሰጣል፣ ቶሎ ደሙ ውስጥ እንዲሞላ። ቦራ 500 ኪሎ ነው ካልን በቀን ሁለት ግራም ተኩል ነው። ሁለተኛው ዲክላዙሪል ነው፣ የአልፋልፋ ፍርፋሪ የሚመስል፣ በኪሎ 1 ሚሊግራም ለ28 ቀን እህሉ ላይ ትበትንለታለህ፣ አፉን ለመያዝ አስቸጋሪ ለሆነ ፈረስ ይሄ ይሻላል። ሦስተኛው እህታችን ያለችው ነው። አራተኛ ናይታዞክሳናይድ የሚባል ነበር ከገበያ ወጥቷል። ክትባትም ተሞክሮ ነበር፣ እሱም የለም አሁን። ዶዙን ከኔ ሳይሆን ከራስህ ቬት ነው የምትወስደው፣ እኔ ፈረሱን አላየሁትም።

ፖናዙሪል ከሆነ ትንሽ የበቆሎ ዘይት አብረህ ስጠው፣ በስብ ነው የሚሟሟው፣ አንጀቱ የተሻለ ይወስደዋል። ቫይታሚን ኢም በብዛት ይሰጣል ለነርቩ።

ደግሞ ተዘጋጅ፣ አንዳንድ ፈረስ መድኃኒቱ በተጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት ይብስበታል። ተውሳኩ ሲሞት አካባቢው ይቆጣል፣ ያብጣል። ስለዚህ ብዙ ቬት ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ባናሚን ወይ ሌላ እብጠት የሚያጠፋ ትሰጣለች። "መድኃኒቱ ገደለው" ብለህ እንዳታቆምብኝ።


ዳማ_ከሉደን

አፕዴት። ሊስበርግ ያለው የቨርጂኒያ ቴክ የፈረስ ሆስፒታል ወሰድነው። የአንገት ራጁ ንጹህ ነው ተመስገን። ፈሳሹን ሲወስዱ አጠገቡ ነበርኩ፣ በማስታገሻ አፍዝዘውት ቆሞ ነው የወሰዱለት፣ ከጆሮው ኋላ አንገቱ ላይ ጸጉሩን ላጭተው በአልትራሳውንድ እያዩ ረጅም መርፌ አስገቡ፣ ፈሳሹ ሲወጣ የምንጭ ውሃ ነው የሚመስለው፣ እኔ ቢጫ ወይ ደም ነበር የጠበቅኩት። ራሱን ልጅቷ ትከሻ ላይ አሳርፎ ያንኮራፋ ነበር ምስኪን።

ውጤቱ በሳምንቱ መጣ፣ የደሙ 2000 የፈሳሹ 40፣ ሲካፈል 50። ከ100 በታች። ኢፒኤም ነው በቃ።

ፖናዙሪሉን ጀመርን፣ ግማሹን ባለቤቶቹ ከፈሉልኝ፣ እንደዛ ያደርጋሉ ብዬ አልጠበቅኩም ነበር እውነቱን ለመናገር። አራተኛው ቀን ላይ ዶክተርዬ ያልሽው ደረሰ፣ ጠዋት ስገባ ጋጣው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፣ የኋላ እግሮቹን እንደ ጠረጴዛ ዘርግቶ፣ ሊወድቅ ነው። እዚህ ባላነብ ኖሮ እምላለሁ መድኃኒቱን አቆም ነበር። ደወልኩላት፣ ባናሚን ጨመረችለት፣ በሁለተኛው ቀን ቀለል አለው። ገለባውን ወፍራም አድርጌ አነጠፍኩለት፣ ቢወድቅም እንዳይጎዳ፣ ማታ ኡበሩን ትቼ በረት አደርኩ።


ጋሻው_ደንቨር

የአይቨርሜክቲኗን ምክር እንደማነሳ ይታወቅልኝ። ጸበሉን አላነሳም።


የአርሲ_ፈረሰኛ

ሰላም ለሁላችሁ፣ እኔ ያለሁት አገር ቤት ነው፣ ዶዶላ አካባቢ። ዶ/ር እርስዎን ልጠይቅ፣ እኛ ጋ አንዲት ባዝራ አለችን፣ ከብዙ ጊዜ በፊት ብልቷ አካባቢ አብጦ ነበር ከዛ ጠፋ፣ ገላዋ ላይ ክብ ክብ እብጠት ወጥቶ እሱም ጠፋ፣ አሁን እየከሳች ነው፣ የኋላ እግሯን እየጎተተች ነው፣ ስትቆም አንዱን እግር እያነሳች ታሳርፋለች። ይሄ እናንተ የምትሉት በሽታ ነው እንዴ? እዚህ ያ እንስሳ አለ?


የቢሾፍቱ_ቬት

ወንድሜ እንደዚህ ዘርዝረህ ስለጻፍክ ነው የተረዳሁት፣ ተባረክ። አይደለም፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ኦፖሰም የለም፣ ኢፒኤም የአሜሪካ አህጉር በሽታ ነው፣ ሌላ ቦታ የሚገኘው ከዛ ተጭኖ በሄደ ፈረስ ላይ ነው። ያንተ ባዝራ ግን እኔ ሳስበው ዱሪን ነው። የአርሲና የባሌ ደጋ ደግሞ ዱሪን ያለበት መሆኑ በጥናት የተረጋገጠ አካባቢ ነው፣ ከዶዶላ ፈረሶች የተገኘው ተውሳክ ውጭ አገር ላብራቶሪ ድረስ ሄዷል።

እሱም ጥገኛ ተውሳክ ነው፣ ትሪፓኖሶማ ኢኩዊፐርደም፣ የገንዲ ዘመድ ነው ግን ዝንብ አያስተላልፈውም። በስሪያ ነው የሚተላለፈው። ድንጉላው ባዝራይቱን ሲያጠቃት ይሰጣታል፣ እሷም ለሌላ ድንጉላ። ልክ አንተ እንዳልከው ነው የሚሄደው፣ መጀመሪያ ብልት ያብጣል፣ ከዛ ቆዳ ላይ ሳንቲም የሚመስል ክብ እብጠት፣ እሱ መጥቶ ይጠፋል፣ ከወራት በኋላ ነርቭ ይነካል። በመሃል የዳነች ስለምትመስል ነው ሰው የሚታለለው፣ ያንን ጊዜ ነው ለስሪያ የምትወሰደው።

አልዋሽህም፣ ነርቭ ከነካ በኋላ ከባድ ነው። ሲሜላርሳን የሚባል መድኃኒት እዛው ኢትዮጵያ ፈረሶች ላይ ተሞክሮ መጀመሪያ ደረጃ ላይ ተስፋ አሳይቷል፣ ግን ወደ አንጎል በደንብ ስለማይገባ የቆየው በሽታ ያገረሻል። በብዙ አገር ሕጉ ማስወገድ ነው፣ አሜሪካ በፈረንጅ በ1942 ያጠፋችው በመድኃኒት አይደለም፣ ፈረሱን ሁሉ ደም እየመረመረች ያለበትን በማስወገድ ነው። አንተ አሁን ማድረግ ያለብህ ዛሬውኑ ባዝራይቱን ከድንጉላ መለየት፣ ያጠቃት ድንጉላ ማን እንደሆነ ማሰብ፣ እሱም ሌላ ባዝራ እንዳያጠቃ ለባለቤቱ መንገር፣ ከዛ ወረዳችሁ ያለውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠርቶ ደም ማስወሰድ። ለእርባታ የማትፈልጉት ድንጉላ ካላችሁ ማኮላሸት ነው። ገበያ ላይ የከብት የገንዲ መርፌ ገዝተህ በግምት እንዳትወጋት፣ ፈረስ እንደ ከብት አይችለውም።


የአርሲ_ፈረሰኛ

ድንጉላው የአጎቴ ነው... ለጉግስ የሚያወጣው፣ ሰው ከየቀበሌው ባዝራ ያመጣለታል። እንዴት ብዬ ነው የምነግረው። ግን እነግረዋለሁ። እግዜር ይስጥልኝ ዶክተር።


ሜሪላንድ_ሾፌር

ወይ አምላኬ አሁን ያ ቆሻሻ ቢናችን ውስጥ ገብቶ ሳገኘው የሞተ መስሎ የሚተኛውና ጥርሱን የሚያገጠው ነው ኦፖሰም ማለት? ሲልቨር ስፕሪንግ ሞልቷል እኮ። ዳማ ለምን ይዘህ ሩቅ ወስደህ አትጥለውም?


ዳማ_ከሉደን

ቨርጂኒያ ውስጥ የዱር እንስሳ ይዞ ሌላ ቦታ መልቀቅ በሕግ አይፈቀድም ብለውኛል፣ ብትወስደውም ደግሞ በነጋታው ሌላው ይመጣል። እኔ ያደረግኩትን ልንገራችሁ፣ 25 ዶላር የምትሸጥ የአደን ካሜራ ገዝቼ መኖ ቤቱ በር ላይ ሰቀልኩ። የመጀመሪያዋን ሌሊት ቪዲዮ ሳይ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ኦፖሰም፣ አንድ ሳይሆን ሁለት፣ እንደ ባለቤት ዘና ብለው ገቡ። በቀጥታ የት ሄዱ መሰላችሁ? እህሉ ጋ አይደለም። የበረቱ ድመት ሳህን! ድመቷን አይጥ እንድትይዝ ነው ያመጣናት፣ እኔ ራሴ ነኝ ማታ ማታ ደረቅ ምግቧን ሞልቼላት የምሄደው፣ እነሱ እሱን በልተው ወደ ድርቆሹ ክምር ወጥተው እዛ ያድራሉ፣ እዛ ይጸዳዳሉ፣ እኔ ጠዋት ከላዩ ድርቆሽ አንስቼ ለቦራ እሰጣለሁ። የቦራ ጋጣ ለክምሩ ቅርብ ስለሆነ ሁሌ ከላይኛው ነው የሚደርሰው። ሳየው ቁጭ አልኩ፣ በገዛ እጄ ነው ያበላሁት ማለት ነው።


ኬንታኪ_እህታችሁ

ራስህን አትውቀስ ሁሉም ጋ እንደዛ ነው። እኛ አሁን የድመት ምግብ ከመሸ አይቀመጥም፣ እህል ሁሉ ክዳኑ የሚቆለፍ የብረት በርሜል ውስጥ ነው (ፕላስቲኩን ራኩን ይበሳዋል)፣ ድርቆሽ መሬት ላይ አይጣልም፣ የፖም ዛፉን ስር በየቀኑ እንለቅማለን የወደቀ ፖም ይወዳሉ። የሞተ እንስሳ መንገድ ዳር ካየን አንስተን እንቀብራለን ኦፖሰሙ እንዳይበላው። የውሃ ገንዳ በየቀኑ ይታጠባል።


ዳማ_ከሉደን

በበረኪና አጥቤዋለሁ እኮ ሁሉንም፣ መኖ ቤቱን ከላይ እስከታች።


የቢሾፍቱ_ቬት

በረኪና አይገድለውም። የተውሳኩ ቅርፊት ጠንካራ ነው፣ በረኪናም ሌሎቹም የጽዳት ኬሚካሎች አያደርጉትም፣ ቅዝቃዜም አይጎዳውም ወራት ይቆያል። የሚገድለው ሙቀት ነው፣ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከደረሰ በደቂቃ ያልቃል። የእንፋሎት ማጠቢያ ተከራይና ሲሚንቶውን፣ የመኖ ባልዲውን በሱ ስራው። ላዩ የቆሸሸውን ድርቆሽ ለፈረስ አትስጥ፣ ጣለው።

አብሮ የሚሄድ ነገር ደግሞ ጭንቀት ነው። ረጅም ጭነት፣ ውድድር፣ ሌላ ሕመም ሲደራረብበት ነው ተውሳኩን ተሸክሞ የኖረው ፈረስ የሚወድቀው። ቦራ አምና ከውድድር ወጥቶ ባለቤት ቀየረ፣ ቦታ ቀየረ አይደል?


ዳማ_ከሉደን

ከሳውዝ ካሮላይና ነው በትሬለር የመጣው፣ ውድድሩ እዛ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ።


ዳማ_ከሉደን

ሰላም፣ ብዙ ጊዜ ጠፋሁ፣ አራት ወር ሊሞላ ነው። የጠየቃችሁኝ አላችሁ በውስጥ መልእክት ስለዚህ እዚሁ ልጻፈው።

28ቱ ቀን ሲያልቅ መንገዳገዱ ከ3 ወደ 2 ወረደ። ቬቷ "ገና ነው" ብላ ሁለተኛ ወር ጨመረች፣ ክሬዲት ካርዴ አለቀሰ፣ አሁን 1 ላይ ነው አንዳንድ ቀን ከዛም ያነሰ። የቀኝ ቂጡ ግን አልሞላም፣ ግማሽ ያህል ነው የመለሰው፣ ዳገት እያስወጣሁ በእግር እመራዋለሁ በቀን ግማሽ ሰዓት፣ ጡንቻውን ለመመለስ። ኮርቻ አልጫንኩበትም፣ ምናልባትም አልጭንበትም፣ የሚንገዳገድ ፈረስ ላይ መውጣት ለሱም ለኔም አይሆንም ብላኛለች እኔም እስማማለሁ። የሚያመው ነገር መድኃኒቱ ሲቆም ሊያገረሽ እንደሚችል ነው፣ በየሳምንቱ እሁድ ጭራውን እየሳብኩ በስልኬ እቀርጸዋለሁ ካለፈው ሳምንት ጋር አስተያያለሁ።


የአርሲ_ፈረሰኛ

እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ። የኛ ባዝራ ሞተች። አጎቴ መጀመሪያ ተቆጥቶ አላናገረኝም ነበር፣ ከዛ የወረዳው ባለሙያ መጥቶ ደም ወስዶ ሄደ፣ ድንጉላው አለበት ተባለ። አሁን ለብቻው ታስሮ ነው ያለው፣ ባዝራ ይዘው የሚመጡትን አጎቴ ራሱ ነው የሚመልሳቸው።


የቢሾፍቱ_ቬት

ነፍስ ይማር ባይባልም አዝናለሁ ወንድሜ። አጎትህ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ሰላም በልልኝ።

ዳማ ደግሞ ይሄ ለኢፒኤም ጥሩ ውጤት ነው። ከታከሙት ውስጥ አብዛኞቹ፣ ከ60 እስከ 75 በመቶ፣ ይሻላቸዋል፣ ሙሉ በሙሉ እንደድሮው የሚሆነው ግን ከአራት አንድ እንኳ አይደርስም። የእሁዱን ቪዲዮ ለኔም ላክልኝ።


ሜሪላንድ_ሾፌር

ዳማ አሸዋው ላይ ያለው መስመርስ?


ዳማ_ከሉደን

ዛሬ ጠዋት አየሁት፣ ቆራረጥ ቆራረጥ ብሏል። ሦስት አራት እርምጃ ነጥብ ነው፣ ከዛ አንድ ጭረት፣ ከዛ ደግሞ ነጥብ። የድመቷ ሳህን አሁን መኪናዬ ውስጥ ነው የሚያድረው፣ ትናንት ማታ የኤርፖርት ደንበኛ "ድመት አለህ እንዴ?" አለኝ ሽታው።